መኪናዬ እየታየችኝ

ትናንት ከጊዮርጊስ ወደ ፓፒረስ በእግሬ እየሄድኩ ነበር። ባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት ለእግር ትመቻለች። ታዲያ አንዲት ነጭ መኪና ሁለት ጎማዋን እግረኛ መንገዱ ላይ ሰቅላ ቆማለች። በአንድ በኩል የካፌ በረንዳ፣ በሌላው በኩል አስፋልት። ቦርሳዬን ወደ ላይ አንስቼ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ልሾልክ ስል ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«እህት፣ ቀስ ብለሽ! እንዳትቧጭሪያት!»

የመኪናዋ ጌታ ነው። ማኪያቶውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀምጧል። መንገዴን ስለዘጋ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ዞር ማለቴ ነው የሚያናድደኝ።

እኔ መኪና የለኝም። «በቅናት ነው የምትናገረው» የሚል ካለ ይበል፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቅናት አይደለም። የከተማችን ሰው መኪናውን የሚያቆመው ጉዳዩ ያለበት ቦታ አይደለም፤ ዓይኑ የሚደርስበት ቦታ ነው። ካፌ የሚመርጠው በቡናው አይደለም። ከወንበሩ ሆኖ መኪናው ትታየው እንደሆነ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ትቆማለች። ከዚያ ወንበሩ ወደ እሷ ይዞራል። ከዚያ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ለሁሉም እንዲታይ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ባዶ ቦታ ሞልቷል። እዚያ ቢያቆም ግን ማን ያይለታል?

«ስፖኪዮ ይሰረቃል» ይሉሻል። እውነት ነው፣ ይሰረቃል። ግን ጠባቂ አለ አይደል ወይ? ተደራጅተው የተሰማሩት ልጆች ሰደርያ ለብሰው፣ ደረሰኝ ይዘው ቆመዋል። ቆመዋል ማለቴ ሂሳብ ሲደርስ ነው። በእህቴ መኪና ስንሄድ አይቻለሁ። ስንገባ መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም። ቁልፍ ሲዞር ግን ልጁ ከመሬት ይበቅላል። «መልሺ፣ መልሺ፣ ቁረጪ፣ ቀጥ! እሽ፣ ሂሳብ እናት!» ስፖኪዮው ጠፍቶ ቢገኝ ደግሞ «እኔ የዛሬ ተረኛ ነኝ» ነው መልሱ። ያህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ልጆቹን አልፈርድባቸውም፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳንቲም መለቃቀም ቀላል ሥራ አይደለም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። እግረኛ መንገድ ላይ ለተሰቀለች መኪናም ደረሰኝ ይቆረጣል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚማር ሁሉ እግረኛ መንገድ ላይ፣ ዜብራ ላይ፣ ድልድይ ላይ ማቆም ክልክል መሆኑን ሸምድዶ ነው ፈተና የሚያልፈው። ከፈተናው በኋላ ጥፋቱ ሂሳብ ተከፍሎበት ሕጋዊ ይሆናል።

ድልድይ ካልኩ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያላየ ጎጃሜ የለም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው። ለእግረኛም ለብስክሌትም መንገድ አለው። ያማረ ነገር ነው። ታዲያ መሀሉ ላይ ፍሬቻ አብርቶ፣ መኪናውን ገትሮ፣ ሙሽራና ሚዜ አሰልፎ ፎቶ የሚነሳውን ሰው ምን እንበለው? ዓባይ እንኳ በሥሩ ሳይቆም ያልፋል።

አያቴ «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» ማለት ይወዱ ነበር። ለጉረኛ ሁሉ ይህችን ይወረውሩ ነበር። እኔም ወርሻታለሁ። ጉራ በበዛበት ዘመን ደህና ርስት ናት። ዛሬ ግን ለማን እወረውራታለሁ? ሜዳው ላይ ፈረሱ ቆሞበታል።

ፈረስ ካነሳሁ አይቀር እንጅባራን ሳልጠራ አላልፍም። በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዓድዋ ላይ ለዋለውና ለአርበኞቹ ፈረስ መታሰቢያ። በሺህ የሚቆጠር ፈረስ አጊጦ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ይሸመጥጣል፣ ይፎከርበታል፣ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ያንን ሁሉ ፈረስ ያቆመ ሰው ከእግረኛ ጋር ሲጣላ አላየሁም። ፈረስ እኮ ሰው ሲመጣ ዞር ይላል። ቪትዝ ዞር አትልም።

ጉራ ካልኩ ደግሞ ጎረቤታችን ትዝ አሉኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ያውቁታል። እኒህ ሰው ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት፣ የሕዝብ መንገድ ላይ፣ ድንጋይ ደርድረዋል። ከድንጋዩ መሀል አሮጌ ጎማ፣ ከጎማው ላይ የተቀደደ ጀሪካን። ማንም እንዳያቆም ነው። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ መኪና ገዙ እንዴ?»

«አልገዛሁም።»

«ታዲያ ድንጋዩ?»

«ስገዛ የት ላቆማት ነው ታዲያ፣ አንቺ ልጅ?»

መኪና የላቸውም። የመኪና ቦታ ግን አላቸው። ይሄ ባያስቀይመኝም የእናቴ ለቅሶ ያስቀይመኛል። የእድሩ ድንኳን ሊተከል ሲል ድንጋዩ ይነሳ አልናቸው። «ካነሳሁት ሌላ ሰው ይይዝብኛል» አሉ። በለቅሶ ቀን! ድንኳኑ ጠማማ ሆኖ ተተከለ። ለቀስተኛው ግማሹ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም መጥተው ጥላው ላይ ተቀመጡ። ይህን ቂም እስከ መቃብር ይዤው እሄዳለሁ፤ እዚያም ድንጋይ ደርድረው ካልጠበቁኝ።

«ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው?» ይለኛል የእህቴ ባል። ባጃጅ ነዋ። እሽ፣ ባጃጅ ልያዝ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ወዴት ነሽ?» አይደለም፤ «ኮንትራት ነሽ?» ነው። ኮንትራት ካልሆንሽ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ደመና ካለ ኮንትራት ብቻ ነው። ካፊያ ከጀመረ የዋጋው ነገር አይነሳ። ቤንዚን በሃይላንድ ነው የገዛሁት ይልሻል፤ ያም እውነት ነው፣ ማደያ ተሰልፎ የሚያድረው እሱ ነው። በሰው ከጫነሽ ደግሞ ሦስት ሰው ከኋላ፣ አንዱ ከሹፌሩ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተለጥፎ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ የሚሄደው ከፔዳ ግቢ ተማሪ ጋር፣ የገበያ ዶሮ ከደብተር ጋር። ቀበሌ 14 ልወርድ ብል «ወራጅ!» ያልኩበት ቦታ ላይ ቀጥ ይላል፣ ከኋላው ሚኒባስ ይምጣ ሲኖ ትራክ ይምጣ። ማቆሚያ ተብሎ የተለየ ቦታ ሲኖር አላየሁም። ወራጅ ያለበት ሁሉ ፌርማታ ነው።

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ሠራተኛው ወደ ፈረቃው የሚሄደው በብስክሌት ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ዳገት የላትም። ሰፋፊ ጎዳናዎቿም ጀርመናዊ ባለሙያዎች ተሳትፈውበት በወጣው የከተማ ፕላን የታሰቡ ናቸው። አባቴ ፎኒክስ ብስክሌቱን ዘንባባ ላይ አስደግፎ ጉዳዩን ጨርሶ ይመለስ ነበር። ሰደርያ የለ፣ ደረሰኝ የለ። አሁን ኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገድ ሠርቶልናል፣ ተመስገን። ቀለሙ ሳይደበዝዝ ሊስትሮ፣ በቆሎ ጠባሽ፣ ደግሞም ያቺው ዓይን የማይለያት መኪና ሰፈሩበት። የእህቴ ባል «ብስክሌት ግዢ» ሲለኝ በምን መንገድ ልንዳት ነው?

ታንኳ ይሻላል እላለሁ አንዳንዴ። የጣና ባለታንኳ የደንገል ታንኳውን ሲጨርስ ከውኃው አውጥቶ፣ ቀጥ አድርጎ አቁሞ ያደርቃታል፤ አለበለዚያ ትበሰብሳለች። በዚያ አቋቋም የምትይዘው ቦታ ከአንድ ሰው አይበልጥም። መኪናን እንደዚያ በጭራዋ ማቆም ቢቻል ኖሮ እኔም ይሄን ሁሉ አላወራም ነበር።

ቀልዱን ልተወው። ልጅ ያዘለች እናት፣ ከገበያ ሸክም ይዘው የሚመለሱ ባልቴት፣ በዘንግ የሚሄድ ዓይነ ስውር፣ ሁሉም ያችን መኪና ለማለፍ ወደ አስፋልት ይወርዳሉ። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ባጃጁ «ወራጅ» ለተባለለት ቦታ ይጣደፋል። ማኪያቶ የያዘው ሰው ይህን ሁሉ ከበረንዳው ያያል። ዓይኑ ደህና ነው። የሚያየው መኪናውን ብቻ ስለሆነ ነው እንጂ። ለዚህ ሰው ትምህርት አያስፈልገውም፤ ተምሯል፣ ተፈትኗል፣ አልፏል። የሚያስፈልገው ቅጣት ነው፣ ያለ ምልጃ።

ለነገሩ ስለ ፓርኪንግ ሕግ ነበር ልጽፍ የተነሳሁት፤ ቦታው አለቀብኝ። ባጭሩ፦ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አጫጭር ብረት ይተከል፤ ብረት አማላጅ አይሰማም። ለባጃጅ መጫኛና ማውረጃ ይለይለት፣ ታሪፉም እዚያው ይለጠፍ። ከከተማው መሀል ትንሽ ወጣ ብሎ ያቆመ ሰው ሂሳቡ ይቀነስለት፣ ካፌው በር ላይ የሚያቆም ደግሞ እጥፍ ይክፈል። ዓይን ማሳረፊያ ይባል ክፍያው።

የእህቴ ባል ግን ተስፋው ሌላ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ በኤሌክትሪክ ከተነዳ ሁሉም ይስተካከላል ባይ ነው። ምኑ? ጭሱ ይቀር ይሆናል። በኤሌክትሪክም ትሂድ በናፍጣ፣ ቆማ የምትይዘው ቦታ ያው ነው። ይልቅ ወሬው ጎረቤታችን ጋ ደርሶ ጉድ አፈላ። ባለፈው ሳምንት ከድንጋዩ ጎን ሌላ ድንጋይ ሲደረድሩ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ለቻርጀሩ» አሉኝ።