ሐመሩ ሐ ለቅሶ ቤት ገባ

ሰሞኑን የአራት ኪሎው ዕድራችን ጸሐፊ በቴሌግራም መርዶ ለጠፉ። «በእናታችን ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሀዘን እየገለጽን፣ ቀብሩ ነገ በ9 ሰዓት...» ይላል። ቀድሞ የመጣው መልስ «ነፍስ ይማር» መስሏችኋል? «ጋሼ፣ ሐዘን የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከእርስዎ አይጠበቅም!» አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም እኮ!

ደግሞ «ስህተት»ን ራሱን የጻፈው በሃሌታው ሀ ነው። በግእዙ ሕግ ከሄድን እሱም ሐመሩን ይፈልግ ነበር። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት ስወደው! ብቻ ሴትዮዋ ተበድላለች። እሷ ቢያንስ ታማስላለች፤ የኛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ «አርሯል!» ብሎ ነው የሚሄደው።

ማረምማ ወግ ያለው ሙያ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመው፣ ዛሬ እዚሁ ሰፈራችን ካለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሥራ የሚያመጣ ሰው የአራሚን ዋጋ ያውቃል። አራሚ ከመታተሙ በፊት ያያል፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፣ ዝም ይላል። ስሙን አንባቢ አይሰማም። የዛሬው ከታተመ በኋላ፣ ማንም ሳይጠራው፣ በሰው ፊት!

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ አንድ አለቃ ነበሩኝ። ለእህቴ ሰርግ ፈቃድ ብጠይቅ «ሠርግ በንጉሡ ሠ» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ከበው መለሱልኝ። አስተካክዬ ስመለስ ስብሰባ ገብተዋል። ሙሽራዋ በእኔ ፊደል ምክንያት ቀን አልቀየረችም። እኚሁ ሰውዬ ከበላይ የሚመጣውን፣ ግሡ ከባለቤቱ የተጣላበትን ደብዳቤ ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው «በጣም ጥሩ ተጽፏል» ይሉ ነበር። አራሚ ነኝ ባይ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቀዩ እስክሪብቶ ሽቅብ አይጽፍም። ሚኒስትር ሲሳሳት አጻጻፍ ነው፣ የዕድር ጸሐፊ ሲሳሳት መሃይምነት።

እሺ፣ ሰዓትና ቦታ ከተሳሳተ በአደባባይ ይጩህ፤ የ9 ሰዓቱ ቀብር 6 ሰዓት ተብሎ ከተለጠፈ ለቀስተኛው ሁሉ ይንገላታል። ለፊደል ግን በውስጥ መስመር «ጋሼ፣ ይቺን ቢያዩዋት» ማለት ምን ያስከፍላል? አይ፣ ሰው ካላየልኝ ካለ፣ ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና የተሰቀለውን የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ ይያዝ። ለጡረታው ይበቃዋል።