ፋይል ስለጠቀለላችሁ ችግሩ አይጠቀለልም

«ኪይ ከአንድ ፋይል አይወጣም፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ እናድርገው።» ሰሞኑን ደሴ ያለ አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት በዚህች አባባል ተመርቶ ወሰነ። ኪይ ማለት ኤክስኤስኤልቲ የተባለው፣ መረጃን ወደ ደረሰኝና ወደ ሌላ ሰነድ የሚቀይር ቋንቋ፣ አንድን ነገር በኮዱ ፈልጎ የሚያመጣበት መሣሪያ ነው። የኮምቦልቻው መጋዘን የዕቃ ዝርዝርና የዋናው ቢሮ የዋጋ ዝርዝር ሌሊት ሌሊት ወደ አንድ የኤክስኤምኤል (መረጃ በምልክት ተከፋፍሎ የሚጻፍበት) ፋይል ይገለበጣሉ። ለምን? ኤክስኤስኤልቲው በዕቃው ኮድ ዋጋውን እንዲያገኝ። ባለሙያ ነኝ ባይ ሁሉ አጨበጨበ።

በፈረንጆቹ 1999 በወጣው የኤክስኤስኤልቲ ስሪት 1.0 ኪይ የሚፈልገው አሁን ያለህበት ሰነድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይሄ ልክ ነው። ታዲያ ሰነዱን ቀይርለታ! ፎር-ኢች በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ፣ ሌላ ፋይል በሚያነበው በዶክመንት ፋንክሽን የዋጋውን ፋይል ትከፍታለህ፣ እዚያው ኪይን ትጠራለህ፣ አለቀ። ኪዩንም ስታይልሺቱ (የኤክስኤስኤልቲው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) ላይ አንዴ ካወጅከው ለከፈትከው ሰነድ ሁሉ ይሠራል። ብቻ ከመግባትህ በፊት የዕቃውን ኮድ በቫሪያብል (መረጃ በሚያስቀምጥ ስም) ያዝ። ከገባህ በኋላ ያለኸው የዋጋው ፋይል ውስጥ ስለሆነ ኮዱን ከዚያ ብትጠይቅ ባዶ ይመልስልሃል። የስህተት መልእክት እንኳ የለም፣ ጭጭ ነው። ያንን አባባል ያመጣው ሰውዬ ይህን ባዶ አይቶ «አይሠራም» ብሎ እንደደመደመ እወራረዳለሁ። በፈረንጆቹ 2007 የወጣው 2.0 ደግሞ ይህን ጣጣ ሁሉ ገላግሎናል፤ ኪይ ሦስተኛ ግብዓት አለው፣ የምትፈልግበትን ሰነድ እዚያ ትሰጠዋለህ።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ፋይሎቹ ሁለት የሆኑት ባለቤታቸው ሁለት ስለሆነ ነው። ስንት ካርቶን እንዳለ የሚያውቀው ኮምቦልቻ ያለው ስቶርኪፐር ነው። ዋጋ የሚቆርጠው ደሴ ነው። ጠዋት ደሴ በዋጋው ፋይል ላይ የዘይት ዋጋ ቀየረ እንበል። ረፋድ ላይ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ዕቃ ሊጭን የመጣው ነጋዴ የትናንት ዋጋ ያለበት ደረሰኝ ይሰጠዋል። ይጨቃጨቃል፣ ስልክ ይደወላል፣ አንዱ ተቆርቋሪ የተጠቀለለውን ፋይል ከፍቶ ዋጋውን በእጁ ያስተካክላል። ሌሊት ግልበጣው ያንን እርማት ድራሹን ያጠፋዋል፤ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ያው ጭቅጭቅ፣ ያው ስልክ፣ ከዚያ «ሲስተሙ ነው» ይባላል። ሲስተሙ ምን አደረገ? የዶክመንት ፋንክሽን የዋጋውን ፋይል የሚያነበው ደረሰኙ በሚዘጋጅበት ሰዓት ነው፤ የረፋዱን ዋጋ ያለ ማንም እርዳታ ያገኘው ነበር። ትናንትን ለደንበኛ የሸጣችሁት እናንተው ናችሁ።

«ክሮም እንኳ ኤክስኤስኤልቲን ሊጥለው ነው» የሚሉም አሉ። ክሮም በ2025 አስወጣዋለሁ ያለው ከአሳሹ ነው። የእናንተ ደረሰኝ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነው፤ ምን አገናኘው?

ያንን የሌሊት ስክሪፕት የጻፈውን ልጅ ጥሩትና ኪዩን ለሁለት ፋይል አስተካክል በሉት። ከምሳ በፊት ይጨርስላችኋል።