ውሻው፣ ፅንሱና የተረሳችው ሴት

ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው ስለ ውሾች ይጽፋል። የሰፈር ውሾች በመርዝ ተገድለው መንገድ ዳር ተጋድመዋል፣ እሱም አዝኗል። ብዙ ሳይቆይ ከሥር አስተያየት ይመጣል፦ «በየክሊኒኩ ስንት ፅንስ ሲወርድ ዝም ብለህ ለውሻ ታለቅሳለህ?» ሌላው ይቀበላል፦ «አንተስ ለፅንስ ጠበቃ ነኝ ትላለህ፣ አህያ በዱላ ስትነረት ግን ዞር ብለህ አታይም።» ከዚያ በኋላ ያለው ስድብ ነው።

ነገሩ ተራ ጭቅጭቅ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ከባድ ነው። የአንድን ፍጡር ሕይወት እንድናከብር የሚያስገድደን ምንድን ነው? ስሜት ስላለው ነው? ሰው ስለሆነ? ወይስ እግዚአብሔር ስለፈጠረው? የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለውሻው የሚያዝነውም ለፅንሱ የሚያዝነውም ስህተት አልሠሩም። ሁለቱም ግን አንድ ሰው ትተዋል። ወደ እሷ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ፈላስፎቹን እንያቸው። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ስለ እንስሳት ሲጽፍ፣ ማሰብ ይችላሉ ወይ፣ መናገርስ ይችላሉ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ይሠቃያሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ አለ። አውስትራሊያዊው ፒተር ሲንገር ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ ወሰደው። ለሲንገር የሰው ዘር መሆን ብቻውን ሚዛን አይደፋም። ሚዛን የሚደፋው ሕመም መሰማት፣ ማስተዋል፣ ራስን ማወቅ ነው። ስለዚህ ገና ምንም የማይሰማው ፅንስ፣ ሕመም ከሚሰማው ዶሮ ወይም አሳማ አይበልጥም ይላል። እዚያም አላቆመ። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ራሱን ስለማያውቅ፣ ከአዋቂ ሰው እኩል የመኖር መብት አለው አይባልም ብሏል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ቃል አውግዞ መሄድ ቀላል ነው። እኔ ግን ሲንገርን በአንድ ነገር አከብረዋለሁ። መለኪያው ወዴት እንደሚያደርሰው እያየ አልሸሸም። ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው። አራስ ሕፃን ፊት ቆሞ «ይህ ደግሞ ገና ነው» የሚል ሚዛን፣ ሚዛኑ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ። ሃይማኖተኛው መልሱ ቀላል ይመስለዋል። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ፣ እንስሳ ለሰው ተሰጠ፣ አለቀ። ግን አላለቀም። በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን እንጾማለን። ትንቢተ ዮናስን ግን ስንቶቻችን እስከ መጨረሻው ቁጥር አንብበነዋል? የነነዌ ንጉሥ ሲያውጅ ሰው ብቻ አይደለም የጾመው። ከብቱም በጉም እንዳይበላ፣ እንዳይጠጣ ታዝዟል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ዮናስን ይጠይቀዋል። ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሶችም ላሉባት ከተማ አላዝንምን? መጽሐፉ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀኝና ግራቸውን የማይለዩት ሕፃናት ናቸው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። እንግዲህ ሕፃኑና ከብቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ በአንድ ርኅራኄ ሥር ተቀምጠዋል። ማን ይበልጣል የሚል ክርክር የለም። ፌስቡክ ላይ የሚጣሉትን ሁለት ሰዎች ይህ ቁጥር ሁለቱንም ያሳፍራል።

እስልምናም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት እሳት እንደገባች፣ በውኃ ጥም ምላሱን ላወጣ ውሻ በጫማዋ ቀድታ ያጠጣች አመንዝራ ደግሞ ምሕረት እንዳገኘች የሚናገሩትን ሐዲሶች ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። ስለ ፅንስ ደግሞ 40፣ 40፣ 40 እያለ የሚቆጥር ሐዲስ አለ። በ120 ቀን መልአክ መጥቶ ነፍስ ይነፋበታል። ከዚያ በኋላ የእናቲቱን ሕይወት ለማትረፍ ካልሆነ ማስወረድ ክልክል መሆኑን ሊቃውንቱ ተስማምተውበታል። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ላይ ግን መዝሀቦቹ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ይለያያሉ። ጠበቅ የሚያደርጉም፣ በቂ ምክንያት ካለ የሚፈቅዱም አሉ።

በክርስትናውም ነገሩ ብዙዎች እንደሚያስቡት አንድ መስመር አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ሰዎች ተጣልተው ነፍሰ ጡር ሴት ቢገፉ የሚል ሕግ አለ። የሰባ ሊቃናት ትርጉም የሚባለው ጥንታዊው የግሪክኛ ብሉይ ኪዳን ቅርጽ ያልያዘውን ፅንስ ቅርጽ ከያዘው ይለያል። ለመጀመሪያው ካሣ፣ ለሁለተኛው ነፍስ በነፍስ። የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልዩነት አልተቀበለውም። ቅርጽ ያዘ፣ አልያዘ እያልን አንመረምርም፣ ሆን ብላ ያስወረደች በነፍስ ግድያ ትጠየቃለች አለ። ሰዎች እዚህ ድረስ ይጠቅሱና ይዘጉታል። ባስልዮስ ግን ቀጥሏል። ንስሐዋ እስከ ዕለተ ሞቷ አይሁን፣ ዐሥር ዓመት ይሁን፣ የሚፈውሳትም የዓመቱ ብዛት ሳይሆን የንስሐዋ ሁኔታ ነው አለ። ስለ ፅንሱ ጠንካራ፣ ስለ ሴቲቱ ደግሞ ለስላሳ። የዛሬዎቹ የዩቲዩብ ሰባኪዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የወሰዱለት።

ስለ እንስሳት ስናወራ የራሳችንን ነገር ብንታዘብ ጥሩ ነው። ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ሳይል አያርድም፣ ሙስሊሙም «ቢስሚላህ» ሳይል ቢላ አያነሳም። ሐሳቡ ጥልቅ ነው። የበጉ ነፍስ ያንተ አይደለችምና ከባለቤቱ ሳታስፈቅድ አትንካት ማለት ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፣ ሥጋ ቤቱ እንኳ የተለያየ ነው። ስለ ስሙ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በጉ እስከ ቢላው ድረስ እንዴት እንደመጣ ግን አይታየንም። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ ዶሮዋም በእግሯ ተንጠልጥላ ቁልቁል እያየች። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋ እንከለከላለን፣ ለእንስሳው ብለን ግን አይደለም። የፋሲካ ሌሊት ይህ ሁሉ ፍልስፍና ለበጉ ምንም አይፈይድለትም።

የአህያውን ነገርም አስታውሱ። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ ተዘግቷል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድን ለማስቆም ተስማምተዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ያኔ የተቆጣነው ለአህያዋ ነበር ወይስ ለነውሩ? መርካቶ ላይ ጀርባዋ ቆስሎ ሲሚንቶ ለምትሸከመው ያን ያህል የጮኸ አላየሁም።

እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች የተዉት ሰው ማን ነው? ውሻው ከእኛ ውጪ ነው የሚኖረው። በጉም፣ አህያዋም እንዲሁ። ለእነሱ ማዘን የማንንም ሰው አካል አይነካም። ፅንስ ግን ሴት ውስጥ ነው ያለው። በእሷ ደም፣ በእሷ ዕንቅልፍ፣ በእሷ ሕይወት ነው የሚያድገው። ፅንስንና ዶሮን ለየብቻ ሚዛን ላይ አስቀምጦ የትኛው ይበልጣል የሚል ፈላስፋ እሷን ከሥዕሉ ቆርጦ አውጥቷታል። «ፅንስ ነፍስ ነው» ብሎ የሚጮኸው ሰባኪም እንዲሁ። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን ቀዳዳ አይታው ነበር። ፅንሱ ሙሉ ሰው ነው እንበል፣ ታዲያ የአንዱ በሕይወት የመኖር መብት የሌላውን አካል የመጠቀም መብት ይሰጠዋል ወይ ብላ ጠየቀች። በመልሷ አልስማማም። እናትና ልጅን እንደ ሁለት ባዕዳን ነው ያየቻቸው። ጥያቄዋ ግን ትክክል ነው፣ ሴቲቱን ወደ ክፍሉ መልሳ አስገብታለች።

የኢትዮጵያ ሕግ ፅንስ ምንድን ነው የሚለውን ሙግት በብልሃት አልፎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ የመብት ባለቤት ነው ይላል። የተፀነሰ ልጅም ጥቅሙ ሲጠይቅ፣ ሕያው ሆኖ ከተወለደ፣ እንደተወለደ ይቆጠራል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ውርጃን በመርሕ ከልክሎ፣ በአንቀጽ 551 የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመድ መካከል የመጣ ፅንስ፣ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ በዕድሜዋ ወይም በአካልና አእምሮ ጉዳቷ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ያልደረሰች ስትሆን። የተደፈረች ሴት ቃሏ ይበቃታል፣ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ሕጉ የወጣው ሴቶች በየጓዳው፣ በማይሆን ዘዴ እያስወረዱ በሚሞቱበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ላልቷል ይላል፣ ሌላው ጠብቋል። ባስልዮስ እንዳልቆጠረው ሁሉ እኔም ፅንስን እንደ ምንም መቁጠር አልችልም። ያቺን ሴት እስር ቤት መክተት ግን ለፅንሱም ምን እንደሚጨምርለት አይገባኝም።

ይልቅ ስለ ፅንስ ከልቡ የሚቆረቆር ሰው ሌላ በጣም ቅርብ ሥራ አለው። ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ስታረግዝ ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን። «ዕቃሽን ሸክፊ።» ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ጾም የማይገድፍ፣ ሶላት የማያሳልፍ ቤተሰብ ነው። ከዚያ በኋላ ያላት ምርጫ መንገድ ነው ወይም ክሊኒክ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ 120 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፣ 30 ከመውለዷ በፊት፣ 90 ከወለደች በኋላ። የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ አዋጅ ውጪ ናት። አዋጁ የእነሱን ሁኔታ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶ አልፏል። ቤተ ክርስቲያኑና መጅሊሱ በአንድነት መንግሥትን ደጅ ሊጠኑበት የሚገባ ጉዳይ ቢኖር ይህ ደንብ ነው። እስከዚያው ድረስ ደግሞ እያንዳንዱ አሠሪ የራሱን ቤት ሠራተኛ ከነሆዷ ማቆየት ይችላል፣ ለዚያ አዋጅ አያስፈልገውም።