ላይገር ትልቅ ስለሆነ ብቻ?

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የአንበሳና የታይገር ድቅል የሆነውን ላይገርን ቢጠይቁት ግን አባቱን አንበሳን ነው የሚጠራው። እናቱ ታይገር ብትሆንም ግዝፈቱ የመጣው በአባቱ በኩል ነው።

ሰሞኑን ደሴ ላይ የላይገር ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ቡና ላይ አንዱ «ወላሂ ፎቶሾፕ ነው» ሲል ሰማሁ። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሄርኩለስ የተባለው ላይገር 418 ኪሎ መዝኗል። እኔን ያልተዋጠልኝ የሌላኛው ወገን ወሬ ነው፦ «ሁለት ጀግና ሲዳቀል የባሰ ጀግና ወጣ።»

አንዳንድ ጂኖች (ከወላጅ የሚወረሱ የዘር መመሪያዎች) ከአባት ከተወረሱ ይሠራሉ፣ ከእናት ከተወረሱ ዝም ይላሉ። ተቃራኒውም አለ። እንስት አንበሳ ከብዙ ወንድ ጋር ስለምትገናኝ የእያንዳንዱ አባት ጂን የራሱ ልጅ ቶሎ እንዲያድግ ይገፋል። የእናቲቱ ጂን ደግሞ ልጓም ይይዛል። ታይገሯ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ወንድ ብቻ ስለምታገኝ ልጓሟ ላላ ያለ ነው። የአንበሳው ግፊት እዚህ ሲገባ የሚይዘው ያጣል። የሳይንቲስቶች ዋና ማብራሪያ ይህ ነው። አባቱ ታይገር፣ እናቱ አንበሳ ሲሆኑ የሚወለደው ታይጎን ደግሞ እንደ ላይገር አይገዝፍም።

እንግዲህ ጀግንነት ሳይሆን የተዛባ ሚዛን ነው። ወንዱ ላይገር መካን ነው። አንበሳና ታይገር እኩል 38 ክሮሞሶም (ጂን የሚሸከሙ ክሮች) ስላላቸው ሴቷ አልፎ አልፎ ትወልዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቮሲቢርስክ ውስጥ አንዷ ከአንበሳ ወልዳለች። የእኛዋ በቅሎ ግን ከፈረስ 64ና ከአህያ 62 መሐል 63 ይዛ መካን ሆና ቀርታለች።

በቅሎን ማዳቀል ይገባኛል። ተጭና የበሽሎን ቁልቁለት ስትወርድ ድንጋዩን በፊት እግሯ ሳትሞክር አትረግጥም። ፈረስ እዚያ ምን ያደርጋል? ላይገር የሚዳቀለው ግን ለትኬት ሽያጭ ነው፤ ዱር ውስጥ የሚጠብቀው ቦታ የለም።

ወሎ ላይ ስለ ድቅል ከተነሳ ደግሞ የሚያሳስበኝ ቀይ ቀበሮ ነው። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ደጋ ጥቂቶች ቀርተውናል። ባሌ ላይ ቀበሮው ከውሻ ጋር መዳቀሉ በጂን ምርመራ ታይቷል። ድቅሎቹ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ ነው። ደንዳናነታቸው ግን ለቀበሮው ዘር ምንም አልፈየደለትም። ውሻ ይዞ ደጋ የሚወጣ ሰው በሽታ እንዳያስተላልፍ ውሻውን ያስከትብ፤ እንዳይዳቀልም ሌሊት አይልቀቀው።