ባሕር ዳርቻ ላይ ከመቆፈር በፊት ይለካ

በባሕር ዳርቻ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ ቦታ ላይ እስካሁን የዕድል ጉዳይ ነው። ይቆፈራል፣ ፓምፕ ይገባል፣ ውኃው ይወጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውኃው ጨው ጨው ማለት ሲጀምር ነው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚላከው፣ ባለሙያ የሚጠራው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልናገር፤ ከመሬት በታች ያለው ጨው የት እንደደረሰ ሳይለካ በባሕር ዳርቻ የቁፋሮ ፈቃድ መስጠት መቆም አለበት።

የባሕር ውኃ ከንጹሕ ውኃ የሚከብደው በ2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ንጹሑ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ጨዋማው ከሥር ይተኛል። በዚህ ልዩነት የተነሣ የከርሰ ምድር ውኃው ከባሕር ወለል 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከባሕር ወለል በታች ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ንጹሕ ውኃ አለ ተብሎ ይገመታል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርዝበርግ ይህንን በ1901 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፣ ከእሱም በፊት የኔዘርላንድሱ ባዶን ጋይበን ደርሶበታል። በሌላ አነጋገር በፓምፕ ስበን ውኃውን ግማሽ ሜትር ዝቅ ካደረግነው፣ ጨዋማው ቀስ በቀስ እስከ 20 ሜትር ሊነሣ ይችላል። ደግሞ ብዙ አያስፈልገውም። 100 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 2 ሊትር የባሕር ውኃ ከገባ ጣዕሙ ይታወቃል።

ደግነቱ ጨው ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። መሬት ላይ ኤሌክትሮዶች (የብረት ካስማዎች) በመስመር ይተከላሉ፣ በሁለቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይላካል፣ በሌሎች ሁለት ቮልቴጁ ይለካል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ከሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይሥላል። በባሕር ውኃ የራሰ አሸዋ ተቃውሞው 1 ኦም ሜትር (የዚህ ተቃውሞ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲሆን፣ ንጹሕ ውኃ የያዘው ግን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ሰፊ ቦታ ከሆነ ደግሞ በሄሊኮፕተር ሥር በተንጠለጠለ መሣሪያ በኤሌክትሮማግኔቲክ ዘዴ ይለካል። የኔዘርላንድሷ ዜላንድ ክፍለ ሀገር በዚህ መንገድ ተለክታለች። ካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ደግሞ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ሜትር ያህል በኤሌክትሮድ ለክተው ያገኙት ሥዕል ከባሕር ወደ የብስ እኩል የሚገፋ የጨው ግንብ አልነበረም። እዚህ ገብቷል፣ እዚያ የለም፣ አንዱ ጋ ጥልቅ ነው፣ ሌላው ጋ ቅርብ። በጥቂት ጉድጓዶች ብቻ ይሄ አይታይም፤ ጉድጓድ የሚናገረው ስለ ቆመባት ነጥብ ነው።

ግን ከዚህ ልኬት የሚሠራውን ካርታ እንደ ቃለ እግዚአብሔር የሚያዩትም ያሳስቡኛል። ሸክላ አፈር ንጹሕ ውኃ ይዞም ቢሆን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ተቃውሞው ጨው የቀመሰ አሸዋ ከሚያሳየው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ በቀለም በተሠራው ካርታ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቀለም ሊወጡ ይችላሉ። እንዲያውም አንድን ልኬት የሚያስረዱ ብዙ የተለያዩ የመሬት ሥዕሎች ሊኖሩ ይችላሉ። የብረት ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመርም ልኬቱን ያበላሻሉ፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥርም ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ በተመረጡ ጥቂት ቦታዎች መቆፈር፣ የአፈሩን ዓይነት መመዝገብ፣ የውኃውን ጨው መለካትና ከካርታው ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ያለዚህ የሚቀርብ ካርታ ተቀባይነት ማግኘት የለበትም፣ የፈለገ ቢያምር።

ውድ ነው የሚለውን ክርክር እሰማለሁ። አዎ፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ግን አንዴ ጨው የገባበት የከርሰ ምድር ውኃ ፓምፑ ቢቆም እንኳ ለመጽዳት አሥርት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ምን ይጠጣል?

ደግሞ አንዴ ለክቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አይጠቅምም። ጨው ይንቀሳቀሳል። ያው መስመር በበጋም በክረምትም፣ ከዓመት ዓመትም መለካት አለበት። ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ጥሬ ልኬቱም ለሕዝብ ይከፈት፤ ሌላ ባለሙያ እንደገና አስልቶ እንዲያየው፣ ውኃውን የሚጠጣው ሰውም ጨው ከጉድጓዱ ምን ያህል እንደራቀ እንዲያውቅ።