ጽሑፍን ጓደኛ የሚያነብበት ክፍል

ከፊላደልፊያ ከተማ ወጣ ብሎ ስዋርትሞር የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ1864 ያቋቋሙት ሲሆን፣ ዛሬም ጠቅላላ የተማሪዎቹ ቁጥር ሁለት ሺህ አይሞላም። ይህን ኮሌጅ የማነሣው በዝናው ምክንያት አይደለም። ፕሬዚዳንቱ የነበረው ፍራንክ አይደሎት እ.ኤ.አ. በ1922 የጀመረው አንድ አሠራር፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲማማሩ የሚያደርገው ምን እንደሆነ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። አይደሎት በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነበር፤ እዚያ ያየውን መነሻ አድርጎ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች በጥቂት በጥቂቱ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እያነበቡ እንዲከራከሩ፣ በመጨረሻም የሚፈትኗቸው የራሳቸው መምህራን ሳይሆኑ ከሌላ ተቋም የሚመጡ ምሁራን እንዲሆኑ አደረገ። አሠራሩ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

እኔ የምኖረው በዚሁ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ሲሆን፣ የምሠራውም በሌላ ትንሽ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ በዚህም ምክንያት እንዲህ ባሉ የውይይት ክፍሎች በታዛቢነት የመቀመጥ ዕድል አግኝቻለሁ። በአንደኛው ቀን የታሪክ ተማሪ የሆነች ልጅ እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ስለተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ የጻፈችው ቀረበ። ድምዳሜዋ፣ ኮሌራ በውኃ ይተላለፋል ብሎ የተከራከረው ሐኪም ጆን ስኖው የአንዱን የውኃ ፓምፕ እጀታ ስላስነቀለ በሽታው ቆመ የሚል ነበር። ጽሑፏን ሁሉም በዋዜማው አንብበው ስለመጡ፣ ባዮሎጂ የሚያጠና ልጅ የየቀኑን የሟቾች ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ቁጥሩ መቀነስ የጀመረው እጀታው ከመነቀሉ በፊት መሆኑን አሳያት። ልጅቱ ለአፍታ ዝም አለች። ፕሮፌሰሯም ልትታደጋት አልሞከረችም፤ ጥቂት ቆይታ «እንግዲያው ስኖው ትክክል የነበረው በምንድን ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ የነበረውን አንድ ሰዓት ያህል የሞሉት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዱ ሟቾቹ የነበሩባቸውን ቤቶች የሚያሳየውን ካርታ አነሣ፤ ሌላዋ ደግሞ ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር፣ የዚያን ፓምፕ ውኃ ግን ስለምትወደው እያስመጣች ትጠጣ የነበረች አንዲት መበለት በዚያው በሽታ መሞቷን አስታወሰች። ልጅቱ በቀጣዩ ሳምንት ይዛ የመጣችው ጽሑፍ የቀድሞው እርማት ሳይሆን፣ አንድ ማስረጃ ሰውን የሚያሳምነው እንዴት እንደሆነ የሚመረምር አዲስ ሥራ ነበር። ፈጠራ የሚባለው ነገር በዓይኔ ፊት ሲወለድ ያየሁት በዚያ ክፍል ነው፤ የባዮሎጂው ልጅ ባይኖር ኖሮ አይወለድም ነበር።

በአገራችን የቡድን ትምህርት አልነበረም ማለት አይቻልም። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ከገበሬ መንደር ተነሥቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ድረስ የዘለቀበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ጎበዙ ተማሪ የቡድኑ መሪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አምስቱ ይመደቡለታል፤ ስብሰባው በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ሪፖርቱም ወደ ላይ ይተላለፋል። ተማሪው ያንኑ አደረጃጀት የፖለቲካ መቆጣጠሪያ ሆኖ በየቀበሌው ስለሚያውቀው፣ በስብሰባው ላይ የልቡን አይናገርም ነበር። ከእርሱ በፊትም በኋላም ያለው የግሩፕ አሳይመንት ቢሆን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰቃይ ተማሪ ሌሊቱን ሠርቶት፣ የተቀሩት «ስሜን አስገባልኝ» ብለው የሚገላገሉት ነው። መምህሩም ስድሳና ሰባ ተማሪ ይዞ የማንን ሐሳብ ከማን ሊለይ ይችላል? በዚህ ዓይነት ያለፈ ወጣት አብሮ መሥራትን በሰው ጀርባ መታዘል አድርጎ ቢቆጥረው አልፈርድበትም፤ ያዝንለታል ልቤ እንጂ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ ዕውቀቱ ከእኛ ዘንድ የጠፋ አለመሆኑ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዋድላም ሆነ በሌላው የቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ሲደርስ፣ በየዕለቱ ከራሱ አእምሮ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው፣ ማለትም መምህሩን ተክቶ ቅኔ ለሚሰማው የቀደመ ተማሪ፣ ይነግራል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ማቅረብም ነውር ነው። ጀማሪው ግሡንና አገባቡን የሚቀጽለው አብዛኛውን ጊዜ ከቀደመው ተማሪ ሲሆን፣ ያ የቀደመው ደግሞ ለሌላው ሲያስረዳ የራሱ ዕውቀት ይጠናል። ሥራው የግል ነው፤ ሚዛኑ ግን በጉባኤ ፊት ነው። ስዋርትሞር ከ1922 ጀምሮ የያዘው ነገር ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ዘመናዊው ትምህርታችን የቅኔ ቤቱን መምህር መፈራት ወርሶ፣ በየቀኑ አዲስ ነገር ይዞ የመቅረብን ግዴታ መተዉ ግን የምር ያሳዝነኛል።

በስደት ያለን ወላጆችም ይህን ብናስብበት መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩሪ ትራይስማን የሚባል የሒሳብ ምሁር፣ ትጉሃን የሆኑ ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ሲመረምር ያገኘው መልስ የችሎታም የትጋትም ጉድለት አልነበረም። እነዚህ ተማሪዎች የሚያጠኑት ለየብቻቸው ሲሆን፣ የቻይና ተወላጆች ግን ለብቻቸው ከሠሩ በኋላ ተሰባስበው አንዱ የሌላውን መልስ ይመረምር ነበር። ትራይስማን ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን በጋራ የሚሠሩበት ክፍለ ጊዜ ሲያዘጋጅ ውጤታቸው በእጅጉ ተሻሻለ። «በርህን ዝጋና አጥና» እያልን ያሳደግናቸው ልጆቻችን ኮሌጅ ገብተው ሲደናገጡ በማይበት ጊዜ ሁሉ ይህ ጥናት ይታወሰኛል።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስዋርትሞር ባለጠጋ መሆኑም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዚያው ኮሌጅ ምሩቅ የሆነው ጋናዊው ፓትሪክ አዉአ የማይክሮሶፍት ሥራውን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2002 አሼሲ ዩኒቨርሲቲን በአክራ ሲከፍት የጀመረው በሠላሳ ተማሪዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ተማሪዎቹ ራሳቸው ተወያይተውና ድምፅ ሰጥተው የክብር ቃል ኪዳን አጸደቁ፤ በዚህም መሠረት ፈተና የሚወስዱት ያለ ተቆጣጣሪ ሲሆን፣ የሚኮርጅ ጓደኛን ዝም ብሎ ያለማለፍ ግዴታም አለባቸው። እንዲህ ያለ መተማመን በገንዘብ አይገዛም፤ መተማመን ከሌለ ደግሞ አንዱ ለሌላው ያልበሰለ ሐሳቡን አያሳይም።

በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ፈታኙን ከመምህሩ መለየቱ በእኔ አመለካከት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ፈተናው ከውጭ ሲመጣ መምህሩ የተማሪው ተባባሪ የመሆን ዕድል ያገኛልና። ችግሩ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ ሽምደዳውን መልሶ መጋበዙ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ዲፌንስ ግን በየትምህርት ክፍሉ አለ፤ አዲስ ሕግ ወይም አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። አንድ የትምህርት ክፍል ለዚያ ቀን ከጎረቤት ዩኒቨርሲቲ አንድ ፈታኝ ቢጋብዝ፣ ከዚያም በፊት ባሉት ሳምንታት የእያንዳንዱን ተማሪ ረቂቅ ሦስት ወይም አራት ጓደኞቹ አንብበው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ቢያደርግ፣ የሚያስወጣው የትራንስፖርትና የአንድ ቀን አበል ያህል ነው። በትንንሽ የትምህርት ክፍሎች፣ ሃያና ሠላሳ ተመራቂ ብቻ ባለባቸው፣ በዚህ ዓመት መሞከር ይቻላል።