ማስተካከያ፦ ዓይን እያየ የሚያመልጥ ጎሪላ

ባለፈው ሳምንት ስለ ትኩረትና ስለ ጎሪላው ሙከራ የጻፍኩት ላይ ሦስት ስህተት አለ። ሦስቱም የኔ ናቸው።

«አብዛኞቹ ተመልካቾች ጎሪላውን አላዩም» ብዬ ነበር። ትክክሉ ግማሽ ያህሉ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ቪዲዮ እያዩ እዚያ ውስጥ ያሉት ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ ይቆጥራሉ። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ሰተት ብሎ ያልፋል። ግማሹ ሰው ጭራሽ አላየውም።

ሁለተኛው ይብሳል። «ዓይናቸው ኳሱ ላይ ስለነበር ነው» ብዬ ደመደምኩ። ነገሩ ግን እንደዚያ ብቻ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት 24 የራዲዮሎጂ (የሕክምና ምስል የሚያነቡ) ሐኪሞችን የሳንባ ሲቲ ስካን አሳየ። ሥራቸው ትንንሽ እብጠቶችን መፈለግ ነበር። ምስሉ ውስጥ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ጎሪላ ተከቷል፤ ከአንድ እብጠት በአማካይ 48 እጥፍ ይበልጣል። 20ዎቹ አላዩትም። («አብዛኞቹ» ያልኩት ይህን ከዚያኛው ጋር አደባልቄ ነው።) የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲታይ ደግሞ ከ20ዎቹ 12ቱ ቀጥታ ጎሪላው ያለበት ቦታ ላይ አፍጥጠው ነበር። ዓይን ደርሷል፣ ልብ ግን እብጠት ፍለጋ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ሐኪሞቹን ሰነፍ ያስመሰልኩትም ልክ አልነበረም። እብጠቶቹን በማግኘት ሙያው ከሌላቸው ሰዎች እጅግ ይበልጣሉ። ሙያ ከሌላቸው 25 ሰዎች ደግሞ ጎሪላውን ያየ አንድም አልነበረም።